ለአደን የሚወጣ ሰው ኃላፊነት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም የመረጥናቸው አራት ደብዳቤዎች ከተለያየ ቦታ የተጻፉ ቢሆኑም የሚያነሡት ጉዳይ አንድ ነው፤ ይኸውም ጠብመንጃ ይዞ ወደ ጫካ የሚገባ ሰው ለራሱም ሆነ በዙሪያው ላሉት ሰዎች ያለበት ኃላፊነት ነው። የመጀመሪያው ደብዳቤ ሰፊ መልስ ስለሚጠይቅ ከእሱ እንጀምራለን።

ጥያቄ፦ የምኖረው በኮሎራዶ ግዛት በኦሮራ ከተማ ነው። የሥራ ባልደረቦቼ በጥቅምት ወር ኤልክ ለሚባለው ትልቅ የአጋዘን ዓይነት አደን አብሬያቸው ወደ ተራራው እንድወጣ ጋብዘውኛል፤ አንደኛው ጠብመንጃ አውስሃለሁ ብሎኛል። ጎጃም ሳድግ አባቴ ምንሽር ስለነበራቸው መሣሪያ አያስፈራኝም፤ በልጅነቴም ተኩሻለሁ። ባለቤቴ ግን አጥብቃ ትቃወማለች። ዜግነት ገና አላገኘሁም፤ ያለኝ ግሪን ካርድ ነው። ከመሄዴ በፊት ምን ማሟላት አለብኝ? እነሱ ልምድ ያላቸው፣ እኔ ደግሞ እንግዳ ሆኜ ሳለ አደጋ ቢደርስስ ኃላፊነቱ የማን ነው?

መልስ፦ ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ በእሱ ላይ የሚመሠረት ነውና። ኃላፊነቱ የሚወድቀው ቃታውን በሳበው ሰው ላይ ነው። ጠብመንጃውን ያዋሰዎት፣ መንገዱን የሚመራዎት፣ «ያውልህ፣ ተኩስ!» ብሎ የሚጠቁምዎት ሰው የየራሱ ጥፋት ሊኖረው ይችላል፤ ጥይቱ የት እንደሚያርፍ ሳያረጋግጥ የተኮሰውን ሰው ግን የማንም ልምድና የማንም ምክር ከተጠያቂነት አያድነውም። በኮሎራዶ ሕግ በግድየለሽነት ማደን ራሱን የቻለ ጥፋት ሲሆን፣ ቸልተኝነቱ የሰው ሕይወት ካጠፋ ደግሞ በከባድ ወንጀል ሊያስከስስ ይችላል።

ይህን በግልጽ የሚያሳይ፣ ዓለም ሁሉ የሰማው አንድ አጋጣሚ አለ። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2006 የያኔው የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት ዲክ ቼኒ በደቡብ ቴክሳስ በሚገኝ ሰፊ የከብት እርባታ ውስጥ ድርጭት ያድኑ ነበር። አብረዋቸው የነበሩ የ78 ዓመት ጠበቃ መትተው የጣሉትን ወፍ ለመፈለግ ወደ ኋላ ቀርተው ወደ ቡድኑ ሲመለሱ ቼኒ አላዩአቸውም። አንዲት ድርጭት ብድግ ስትል ቼኒ አፈሙዛቸውን ከወፏ ጋር እያዞሩ ተኮሱ፤ ከጥይቱ የተበተነው የእርሳስ ፍንጣሪም የጠበቃውን ፊት፣ አንገትና ደረት መታ። ከቀናት በኋላ ወደ ልባቸው የተጠጋ ፍንጣሪ ቀላል የልብ ሕመም ቢያስከትልባቸውም ሰውየው ተርፈዋል። ጠበቃው መመለሳቸውን ድምፅ አሰምተው ማሳወቅ ነበረባቸው ያሉ ሰዎች ነበሩ። ቼኒ ራሳቸው ግን በቴሌቪዥን ቀርበው ቃታውን የሳቡት እሳቸው እንደሆኑ፣ ሌላ ማንንም መውቀስ እንደማይቻል ተናግረዋል። ቼኒ ለአደን አዲስ አልነበሩም፤ ለረጅም ዓመታት ያደኑ ሰው ነበሩ። ያሳታቸው ዓይናቸው ወፏን ብቻ መከተሉ ነው።

ይህን ያነሣሁት «መሣሪያ አያስፈራኝም» ስላሉ ነው። በአገር ቤት ብዙዎቻችን እያየነው ያደግነው ጠብመንጃ በትከሻ ላይ አግድም የሚሸከሙት፣ አፈሙዙ ከኋላ የሚመጣውን ሰው ፊት ለፊት እያየ የሚሄድ፣ በሠርግና በለቅሶ ወደ ሰማይ የሚተኮስ መሣሪያ ነው። ያ ልማድ በአደን ቡድን ውስጥ ሰው ያስገድላል። ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይትም ተመልሶ የሆነ ቦታ ማረፉ አይቀርም። ስለዚህ ወደ ተራራው ከመውጣትዎ በፊት እንደ ማንኛውም ጀማሪ ከመጀመሪያው ቢማሩ ይሻላል።

መማሩ ደግሞ በሕግም ግዴታ ነው። በኮሎራዶ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1949 ወዲህ የተወለደ ሰው ሁሉ የአደን ፈቃድ ለመግዛት የአዳኞች ትምህርት አጠናቆ የምስክር ወረቀት ማግኘት አለበት። ትምህርቱ የሚጀምረው ከአራት ሕጎች ነው፤ እነዚህን ሰው በቃሉ ይዟቸው ሲወጣ ሳይሆን እጁ ሲለምዳቸው ነው የሚጠቅሙት። ማንኛውም ጠብመንጃ ባዶ መሆኑን አሁን በዓይንዎ እስካላዩ ድረስ እንደ ጎረሰ ይቆጠራል። አፈሙዙ ሊመቱት ወደማይፈልጉት ነገር ፈጽሞ አይዞርም። ዒላማው ላይ ሙሉ በሙሉ እስካላነጣጠሩና ለመተኮስ እስካልወሰኑ ድረስ ጣትዎ ከቃታው ውጭ ይቀመጣል። ከመተኮስዎ በፊትም ዒላማው ምን እንደሆነ፣ ከፊቱና ከኋላውም ምን እንዳለ በእርግጠኝነት ያውቃሉ።

ጀማሪዎች በጣም አቅልለው የሚያዩት የመጨረሻውን ነው። ልጆች የሚለማመዱባት ትንሿ የ.22 ጥይት እንኳ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ልትጓዝ ትችላለች፤ ለኤልክ የሚያገለግለው የ.30-06 ጥይት ደግሞ ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ኤልኩ በኮረብታ ጫፍ ላይ ቆሞ ከጀርባው ሰማይ ብቻ የሚታይዎት ከሆነ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ አይተኩሱ። ከኮረብታው ማዶ መንገድ፣ ድንኳን ወይም ሌላ አዳኝ ሊኖር ይችላል። ከጀርባው ጥይቱን ውጦ የሚያስቀር የአፈር ገደል ሲኖር ነው መተኮስ የሚቻለው።

አሁን ወደ ተዋሱት ጠብመንጃ እንምጣ። ባልደረባዎ «ባዶ ነው» ብሎ ሲያቀብልዎት አመስግነው ይቀበሉ፤ ግን ራስዎ ሳያዩ አይመኑት፤ ይህንንም እንደ ስድብ የሚቆጥር አዳኝ ካለ አብረውት አይሂዱ። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙረው፣ ጣትዎን ከቃታው አርቀው፣ ካዝና ካለው ካዝናውን ያውጡ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ካዝናው ሲወጣ መሣሪያው ባዶ የሆነ ይመስለዋል፤ ቀድሞ የጎረሰው ጥይት ግን እንዳለ ነው። ስለዚህ መዝጊያውን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ስበው ጥይት የሚጎርስበትን ክፍል አጎንብሰው ይመልከቱ፤ ጎሕ ሳይቀድ ወይም ከመሸ ከሆነ ደግሞ ትንሿን ጣትዎን አስገብተው ይዳስሱ። ለባልደረባዎ ሲመልሱለትም መዝጊያውን እንደከፈቱ ያቀብሉት። የመሣሪያውን መጠበቂያ፣ ማለትም ሳይታሰብ እንዳይተኮስ የሚያግደውን ቁልፍ፣ በሚገባ ይወቁት፤ ሆኖም አይመኑበት፤ መጠበቂያ ሊያልቅ፣ ሊቆሽሽና ሊላቀቅ የሚችል ትንሽ ብረት ነው። በርሜሉ ላይ የተጻፈው የጥይት ዓይነትና በእጅዎ ያለው ጥይት አንድ መሆናቸውንም ፊደል በፊደል ያመሳክሩ።

ሽቦ አጥር ሲያጋጥምዎት ጠብመንጃውን ይዘው አይዝለሉ። ጥይቱን አውጥተው፣ መዝጊያውን ከፍተው፣ መሣሪያውን ከታችኛው ሽቦ ሥር በምድር ላይ አስተኝተው ወደ ማዶ ያሳልፉት፤ አፈሙዙም ከእርስዎም ከጓደኞችዎም ርቆ ይዙር። ከዚያ በሰደፉ በኩል ይሻገሩና ከሰደፉ ያንሡት። አፈሙዙን ይዞ መሣሪያን ወደ ራስ መጎተት ብዙ ሰው ገድሏል። በበረዶ ወይም በጭቃ ላይ ከወደቁም ጥይቱን አውጥተው በርሜሉ ውስጥ ምንም አለመግባቱን ሳያረጋግጡ አይተኩሱ፤ የተደፈነ በርሜል ሲተኮስበት ሊፈነዳ ይችላል።

ሦስት ሆናችሁ ጎን ለጎን የምትሄዱ ከሆነ በመካከላችሁ ከ25 እስከ 35 ሜትር ያህል ርቀት ይኑር፤ እያንዳንዱም የሚተኩስበት ክልል ከፊቱ 45 ዲግሪ ያህል ብቻ መሆኑን ከመነሣታችሁ በፊት ተነጋገሩ። የግራው ሰው ወደ ቀኝ፣ የቀኙም ወደ ግራ አይተኩስም፤ እንስሳው በመስመሩ መካከል ሰንጥቆ ወደ ኋላ ከሸሸም ይሂድ ብሎ መተው ነው። የቼኒን ታሪክ ያስታውሱ። አንድ ሰው ከዓይን ከተሰወረም እስኪገኝ ድረስ ሁሉም አፈሙዝ ወደ ሰማይ ወይም ወደ መሬት ሆኖ ይቆማል።

በመነጽራማው ማነጣጠሪያ እያዩ እንስሳ አይፈልጉ፤ ይህን ሲያደርጉ ያላወቁትን ነገር ሁሉ በጎረሰ ጠብመንጃ እያነጣጠሩበት ነው። ለመፈለጊያ የሚሆን መነጽር በአንገትዎ ያንጠልጥሉ። ከጠዋት ጀምሮ ኤልክ ሲጠብቅ የዋለ፣ የደከመና የጓጓ ሰው ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ቀንድና ጆሮ ያያል፤ ልቡ ይመታል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ አእምሮው የሚፈልገውን ምስል ይፈጥርለታል። ይህ የማይደርስበት አዳኝ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። መድኃኒቱ መላ አካሉን በግልጽ እስኪያዩ መጠበቅ ነው፤ የተጠራጠሩትን አለመተኮስ ማንንም አይጎዳም።

ስለ ልብስ፣ በኮሎራዶ በጠብመንጃ ኤልክ ወይም አጋዘን የሚያድን ሰው ከወገብ በላይ ቢያንስ 500 ስኩዌር ኢንች፣ ማለትም 3,200 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ የሚያንጸባርቅ ብርቱካናማ ወይም ሮዝ ልብስ መልበስ አለበት፤ ቆብም የዚሁ ቀለም ሆኖ ከሁሉም አቅጣጫ መታየት አለበት። እንደ ወታደር ልብስ ዥንጉርጉር የሆነ ብርቱካናማ አይቆጠርም። በመኪና ስትጓዙም ጥይት የጎረሰ ጠብመንጃ ማጓጓዝ በሕግ የተከለከለ ነው።

ግሪን ካርድዎን በተመለከተ፣ በፌዴራል ሕግ ሕጋዊ ቋሚ ነዋሪ የአደን ጠብመንጃ መያዝ ይችላል። ያለ ሕጋዊ ፈቃድ በአገሪቱ የሚኖር ሰው ግን ለአንድ ሰዓትም ቢሆን፣ ለመዋስም ቢሆን፣ ጠብመንጃ መያዝ የለበትም። በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰውም በመርሕ ደረጃ የተከለከለ ሲሆን፣ ሕጉ ከሚያነሣቸው ልዩ ሁኔታዎች አንዱ ሕጋዊ የአደን ፈቃድ መያዝ ነው። በቤት ውስጥ ጥቃት የተፈረደበት ሰው፣ ፍርዱ ቀላል የሚባል ቢሆንም እንኳ፣ ዜጋም ሆነ ነዋሪ ተከልክሏል። ከመሣሪያ ጋር የተያያዘ ወንጀል ግሪን ካርድ ያለውን ሰው ከአገር ሊያስወጣ የሚችል መሆኑንም አይርሱ፤ በዚህ ረገድ ቅንጣት ጥርጣሬ ካለዎት አስቀድመው የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክሩ።

በአደን ቀን፣ መሣሪያ ሁሉ ባዶ ሆኖ እስኪቆለፍ ድረስ፣ ቢራም ሆነ አረቄ አይቀመስ። ደም ማቆሚያ ማሰሪያ ይያዙ፤ የት እንደምትሄዱና መቼ እንደምትመለሱም ለባለቤትዎ ጽፈው ይተዉላቸው፤ በተራራው ላይ ስልክ የማይሠራበት ቦታ ብዙ ነው። ሰው ከተመታ መጀመሪያ ደሙን ማቆም፣ ወዲያው 911 መጥራት፣ ከቦታው አለመራቅና የሆነውን እንደሆነ መናገር ያስፈልጋል። የባለቤትዎን ተቃውሞ እንደ ፍርሃት ብቻ አይዩት፤ ትምህርቱን አብረው ቢከታተሉ መልካም ነው፤ ከዚያ በኋላም አትሂድ ካሉዎት ምክንያታቸውን በሚገባ ያዳምጡ።

ጥያቄ፦ በሚኒሶታ ከከተማ ወጣ ብሎ ጫካ አጠገብ እንኖራለን። እናቴ ከአገር ቤት መጥታ አብራን ናት፤ ጠዋት ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ በጫካው ዳር እየተራመደች ጸሎቷን ታደርሳለች። ኅዳር ሲቃረብ ተኩስ እንሰማለን። እኛ አዳኞች አይደለንም፤ ሊያሳስበን ይገባል?

መልስ፦ አዎን፣ ሊያሳስባችሁ ይገባል፤ በተለይ ነጠላው። በሚኒሶታ የሚታደነው አጋዘን ሲሸሽ ጭራውን ሽቅብ ያነሣል፤ የጭራው የታችኛው ገጽ ደግሞ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነው። በዛፎች መካከል የምትወዛወዝ ነጭ ነገር ለጓጓ ዓይን አጋዘን ትመስላለች። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1988 በሜይን ግዛት አንዲት የመንታ ሕፃናት እናት ነጭ የእጅ ሹራብ አድርጋ በገዛ ጓሮዋ ሳለች፣ አጋዘን ያየ በመሰለው አዳኝ ተተኩሶባት ሞታለች። ከዚያ በኋላ የሆነው ከአደጋው ባልተናነሰ ያሳዝናል፤ በአካባቢው ብዙ ሰው በአደን ወቅት ነጭ ለምን አደረገች ብሎ ጥፋቱን ወደ ሟቿ አዞረ፤ አዳኙም እ.ኤ.አ. በ1990 በዳኞች ነጻ ወጣ። ግዛቲቱ በቀጣዩ ዓመት፣ አዳኝ ዒላማው የሚፈልገው እንስሳ መሆኑን ሳያረጋግጥ መተኮስን የሚከለክል ሕግ አወጣች። በእኔ እምነት በጓሮዋ ያለች ሴት ለለበሰችው ልብስ ለማንም መልስ መስጠት አይገባትም።

ሆኖም ሕጉ ከእናታችሁ ጎን መሆኑ ጥይት አያቆምም። ነጠላቸውን ይተዉ አልልም፤ የጠብመንጃ አደን በሚካሄድባቸው ሳምንታት ከላይ የሚያንጸባርቅ ብርቱካናማ ሰደርያ ይደርቡ፤ ልጆቹም ውሻውም እንዲሁ። በሚኒሶታ አጋዘን የሚታደነው ፀሐይ ከመውጣቷ ከግማሽ ሰዓት በፊት ጀምሮ ከጠለቀች ግማሽ ሰዓት በኋላ ድረስ ስለሆነ፣ ጸሎቱን ብርሃኑ በደንብ ከፈካ በኋላ ቢያደርጉት ይመረጣል። አዳኝ በሌላ ሰው የግል መሬት ላይ ሆኖ ሰው ወይም ከብት ካለበት ሕንፃ 500 ጫማ፣ ማለትም 150 ሜትር ያህል፣ ሳይርቅ ያለ ፈቃድ ማደን አይችልም፤ ከዚህ ቀርቦ የሚተኩስ ካያችሁ ራሳችሁ አትጋፈጡት፤ ለአካባቢው የዱር እንስሳት ጥበቃ መኮንን ደውሉ።

ጥያቄ፦ የምጽፍላችሁ ከጅማ ዞን ነው። የዱር አሳማና ዝንጀሮ በቆሏችንን ስለሚጨርሱብን ሌሊት በየማማችን እንጠብቃለን። አንዳንዱ ጠብመንጃ ይዞ ያድራል። ባለፈው ዓመት አንድ ጎረቤታችን አሳማ መስሎት ተኩሶ ሌላውን ጠባቂ እግሩን አቆሰለው። «ባረቀብኝ እንጂ ሆን ብዬ አይደለም» በማለቱ በሽማግሌ ታረቁ። ይህ ትክክል ነው?

መልስ፦ መታረቃቸው መልካም ነው፤ ቂም እንዳያድር ያደርጋል። ግን የጥፋቱን ምንነት አይለውጠውም። መሣሪያው የሚባርቀው ጎርሶ፣ ተቀባብሎና ወደ ሰው ዞሮ ሲገኝ ነው፤ እነዚህን ሦስቱን ያደረገው ያው ሰው ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግም ሆን ተብሎ ባይደረግ እንኳ በቸልተኝነት ሰው ማቁሰል ወንጀል ነው፤ መግደሉም በአንቀጽ 543 ያስቀጣል።

በተጨማሪም በአዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን የተከለከለ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ደግሞ ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ መያዝ ተከልክሏል። ሰብላችሁን የሚያጠፋ እንስሳ ካስቸገራችሁ በወረዳችሁ ለግብርና ጽሕፈት ቤቱ ተሰባስባችሁ አቤት በሉ፤ የአንድ ሰው አቤቱታ ችላ ቢባል የመላው ቀበሌ አቤቱታ ክብደት ይኖረዋል።

እስከዚያው ከሁሉ የሚበልጠው ሌሊት በድምፅ ወይም በጥላ ላይ ፈጽሞ አለመተኮስ ነው። በቆሎ ውስጥ የሚንኮሻኮሽ ነገር አሳማ ሊሆን ይችላል፤ ሽንት ሊሸና የወረደ ልጅም ሊሆን ይችላል። ባትሪውን ከበርሜሉ ጋር አስሮ ማብራትም አይገባም፤ እንዲህ ያደረገ ሰው ምን እንደሆነ ለማየት ብቻ በሰው ላይ ያነጣጥራል። የየማማችሁን ቦታ ሁላችሁም እወቁት፤ ከማማው የሚወርድ ሰው ስሙን ጠርቶና ባትሪውን አብርቶ ይውረድ፤ ሌላውም ሰምቻለሁ ብሎ ይመልስለት። አሳማን ለማባረር ውሻ፣ ወንጭፍ፣ ጩኸትና ቆርቆሮ መምታት የሰው ሕይወት አያስከፍሉም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ እዚህ ዴንቨር የአደን ጠብመንጃ ገዝቶ ቁም ሣጥኑ ላይ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አስቀምጦታል። ልጆቻችን 9 እና 14 ዓመታቸው ነው። አያዩትም ይላል።

መልስ፦ ልጆች ያዩታል፤ ምናልባትም አይተውታል። በኮሎራዶ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ልጆች ባሉበት ቤት መሣሪያን በአግባቡ መቆለፍ የሕግ ግዴታ ነው። ጠብመንጃው ባዶ ሆኖ በብረት ሣጥን ይቆለፍ ወይም ቢያንስ ቃታው በቁልፍ ይታሰር፤ ጥይቱም በሌላ ቦታ ለብቻው ይቆለፍ። ቁልፉ በባለቤትዎ ኪስ ወይም ልጆቹ በማያውቁት የቁጥር ኮድ ይጠበቅ እንጂ በር ጀርባ አይንጠልጠል። ለ14 ዓመቱ ልጅ መሣሪያው ቤት ውስጥ እንዳለ በግልጽ ንገሩት፤ በጓደኞቹ ቤት ጠብመንጃ ቢያይ ሳይነካው ወጥቶ ለአዋቂ እንዲናገርም አስተምሩት። ባለቤትዎ ዛሬ ሣጥን መግዛት ካልቻሉ፣ እስኪገዙ ድረስ መሣሪያውን ሊያስቀምጥላቸው የሚችል ሕጋዊ የመሣሪያ ሱቅ መኖሩን ይጠይቁ።